ሦስተኛው ዲቪዲ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና በኅዳር ወር፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። እስካሁን ለማንም አላወራሁትም። የምጽፈውም ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። የሰው ቤት ገብቼ የቴሌቪዥን ምስል ሲርገበገብ ባየሁ ቁጥር ስለሚመጣብኝ፣ አንድ ጊዜ ብጽፈው ይሻለኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

የምኖረው ደብረ ታቦር ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ታላቅ እኅቴ የሺመቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ጋፋት አጠገብ፣ ገበሬ ከሆነው ከበኵር ልጇ ከአደራጀው ጋር ትኖራለች። እኔ «እታለም» እላታለሁ። እሷ ግን ይህን ሁሉ ሽበቴን እያየች እስከ ዛሬ «አንቺ ልጅ» ነው የምትለኝ።

እታለም ማንጠግቦሽ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት። ለሥራ ዐረብ አገር ከሄደች አራተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። እሑድ እሑድ ትደውላለች። እናትና ልጅ ስለ ላሟ፣ ስለ ጥጃዋ፣ ማን እንዳገባና ማን እንደወለደ ሲያወሩ ካርዱ ያልቃል።

በዚያ ዓመት ክረምት እታለም ልቧን ታመመች። እግሯ አበጠ፤ ትንፋሽ አጠራት። ሆስፒታል ከርማ መስከረም ላይ ወጣች። ሐኪሙ ኪኒኗን ከሰጣት በኋላ አደራጀውንና እኔን ለብቻ ጠርቶ፣ «ድንጋጤ እንዳያገኛት ተጠንቀቁ» አለን።

ወር ከምናምን ቆይቶ ማንጠግቦሽ ሞተች። አብራት የምትሠራ ልጅ ናት ለአደራጀው የደወለችለት። ብርድ ብርድ ብሏት፣ እየተንቀጠቀጠች ሁለት ቀን ተኝታ እንደሞተችና እዚያው እንደተቀበረች ነገረችው። አደራጀው ከማሳው በቀጥታ እኔ ቤት መጣ። ማጭዱን እንኳ ከእጁ አላስቀመጠም ነበር።

ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። የእታለም የነፍስ አባትም ነበሩ። በአገራችን መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በር ተንኳኵቶ ነው። «ሕመምተኛ ናት፤ እስክትጠነክር ይቆይ» ተባለ። አንዳንዶቹ ሲያመነቱ አጥብቄ የተናገርሁት እኔ ነኝ።

ችግሩ እሑድ ነበር። እታለም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልኩን ከራስጌዋ አድርጋ ትጠብቃለች። በመጀመሪያው እሑድ ኔትወርክ የለም አልናት። በሁለተኛው አሠሪዎቿ ይዘዋት ሌላ ከተማ ሄደዋል አልን። ለሦስተኛው የምንለው ጠፋን።

ያን ጊዜ የመጨረሻ ልጄ ሠርግ ቪዲዮ ትዝ አለኝ። ማንጠግቦሽ ከመሄዷ በፊት እዚያ ሠርግ ላይ ጨፍራ ነበር። ድምፅዋን ላሰማት አልችልም፤ መልኳን ግን ላሳያት እችላለሁ ብዬ አሰብሁ። ይህ ካጽናናት ጥቂት ሳምንት እናገኛለን።

ቪዲዮውን ሳየው ልጅቱ በካሜራው ፊት የምታልፈው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ትከሻዋን ሁለት ሦስት ጊዜ ትመታለች፣ ወደ ካሜራው ዞራ ፈገግ ትላለች፣ ወዲያው አንድ ሰውዬ ይጋርዳታል። ሠርጉን የቀረጸው ጌታነህ የሚባል ጎልማሳ፣ ገበያው አጠገብ ቪዲዮ ቤት አለው። ወደ እሱ ሄድሁ።

«ይህች ዐረብ አገር ያለች የእኅቴ ልጅ ናት፤ የእሷን ብቻ ቍረጥልኝ» አልሁት። «ቶሎ እንዳታልፍ ደግሞ አዝግማት።»

«ስሎው ሞሽን ይበሉኛ እማማ! እንኳን እሷን ከትከሻዋ ላይ የምትነሣውን ዝንብ አዘግምልዎታለሁ» አለ።

በዲቪዲ አድርግልኝ አልሁት። እታለም ቤት ያለው ኋላው የወፈረ አሮጌ ቴሌቪዥንና አንድ የዲቪዲ ማጫወቻ ነው። የሁላችንም ስልክ ቪዲዮ የማያሳይ፣ ባለ ቁልፍ ስለሆነ በስልክ ማሳየት አይቻልም። ጌታነህ ጥቂቷን ሰከንድ አርዝሞ፣ መላልሶ ቀጥሎ፣ ሙዚቃ አስገብቶ ሰጠኝ። በእሱ ኮምፒውተር ላይ አየሁት፤ ያምራል።

በማግሥቱ ጋፋት ወሰድሁት። እታለምን ትራስ ደግፈን አስቀመጥናት። አደራጀው ማጫወቻውን ከፈተ።

ማንጠግቦሽ ወጣች። ግን ትንቀጠቀጥ ነበር። የምለው የትከሻ ምቱን አይደለም። መላ ሰውነቷ ፊትና ኋላ፣ ፊትና ኋላ ይርገበገባል። ፊቷም፣ ሹሩባዋም፣ የቀሚሷ ጥለትም እረፍት የለውም። ቀስ ብላ ስለምትንቀሳቀስ ይብስ ይታያል። ስትሥቅ ጥርሷ የሚንገጫገጭ ይመስላል።

እታለም አንገቷን ወደ ቴሌቪዥኑ ስባ አየች። ከዚያ፣ «ልጄን አሟታል» አለች።

«የማሽን ነው እታለም» አልሁ።

«ብርድ ይዟታል። አታዩም? ንዳድ ነው የያዛት።»

አደራጀው ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። ልጅቱ እንዴት እንደሞተች ከሁለታችን በቀር በዚያ ቤት የሚያውቅ የለም። ምስሉ ደግሞ የሠርግ ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት፣ በደኅና ቀን የተነሣ። እታለም ያንን ሳትረሳ ነው እንዲህ የምትለው። የእናት ዓይን ያየውን አይቷል።

«የዱሮ ምስል እኮ ነው» አልኋት።

«የዱሮ ቢሆንም እንዲህ ሆና የታየችኝ ያለ ነገር አይደለም። ደውሉልኝ። ድምፅዋን ሳልሰማ ኪኒንም አልውጥም፣ እህልም አልቀምስም።»

ባዶ ማስፈራሪያ መስሎኝ ነበር። ማታ አጥሚት ቢያቀርቡላት ፊቷን አዞረች። ጧት ኪኒኗ ከነብርጭቆው ውኃ እንደተቀመጠ አገኘነው። እግሯ ደግሞ ማበጥ ጀምሯል።

«የማሽን ነው አላልሽም?» አለችኝ ልሄድ ስል። «እንግዲያው ማሽኑን አሠርተሽ አምጭ። ልጄ ሳትንቀጠቀጥ ካየኋት እውጣለሁ።»

ወደ ጌታነህ ተመለስሁ። ዲቪዲውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተው። ማንጠግቦሽ ቀስ ብላ፣ ጸጥ ብላ ትጨፍራለች። አንዳች የሚርገበገብ ነገር የለም።

«እማማ፣ ይኸው እኮ ደኅና ነው። ዓይንዎ ይሆን?»

«የእኔ ዓይን መነጽር አለው። የእኅቴ ደግሞ መርፌ ያጠልቃል። ይንቀጠቀጣል ብዬሃለሁ።»

«በሉ እሺ፤ ሲዲው ተበላሽቶ ይሆናል» ብሎ በአዲስ ዲቪዲ ጻፈልኝ። ያንን ይዤ በባጃጅ ጋፋት ሄድሁ። እንደ በፊቱ ሆነ። እታለም ጥቂት አይታ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። እህልና ኪኒን ካቆመች ሁለተኛ ቀኗ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጌታነህ የሚያየው በኮምፒውተር ነው፤ እኛ የምናየው በቴሌቪዥን ነው። በሽታው በእሱ ቤት አይታይም። ስለዚህ አደራጀውን፣ «ቴሌቪዥኑን አንሣው፤ ይዘነው እንሄዳለን» አልሁት። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተሸከመው። እታለም ከአልጋዋ ሆና ሲወጣ አየችው።

የባጃጁ ሹፌር ተጨናንቀን ስንገባ በመስታወቱ እያየን፣ «እማማ፣ ሐኪም ቤት ነው የሚወስዱት?» አለ።

«አዎ» አልሁት፤ «የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ይዞታል።»

ሹፌሩ እስከ ገበያው ድረስ ሣቀ። አደራጀው ቴሌቪዥኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ ውጭ ይመለከት ነበር።

ጌታነህ ቴሌቪዥኑን ከማጫወቻ ጋር አገናኝቶ ከፈተው። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ከቅርብ አየው። ከዚያ ጭኑን መታ።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ነገሩን ያስረዳን እንዲህ ብሎ ነው። የዱሮው ካሜራው አንዱን ምስል በአንድ ጊዜ አያነሣውም። እንደ ማበጠሪያ ጥርስ መስመር መስመር አድርጎ፣ መጀመሪያ ግማሹን መስመር፣ ቀጥሎ በመካከል የቀረውን ግማሽ ያነሣል። ሁለተኛው ግማሽ ሲነሣ የሚቀረጸው ሰው ትንሽ ተንቀሳቅሷል። አሮጌው ቴሌቪዥንም ሁለቱን ግማሽ በየተራ ነው የሚያሳየው። በደኅና ፍጥነት ሲሄድ ዓይን አይለየውም። እሱ ግን ሁለቱን ግማሾች ሳያዋሕድ ሰዓቱን ለጠጠው። ወደ ዲቪዲ ሲቀይረው ደግሞ ተራቸውን ገለበጠው። ኋላ የመጣው ግማሽ ቀድሞ ይወጣል፣ የቀደመው ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ የልጅቱ ትከሻ አንድ እርምጃ ሄዶ ግማሽ ይመለሳል።

«የተጠመዱ በሬዎች አንዱ ሲራመድ አንዱ ወደ ኋላ ሲጎትት ማለት ነው» አለ አደራጀው። በዚያ ቀን የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

«ልክ ብለሃል ወንድሜ!» አለ ጌታነህ።

ሥራውን ከመጀመሪያው ጀመረው። መጀመሪያ ሁለቱን ግማሽ አንድ ሙሉ ምስል አደረገ። ከዚያ በኋላ አዘገመው፤ በሁለት ምስሎች መካከል የሚጎድለውን ከፊተኛውና ከኋለኛው ቀላቅሎ ሞላው። የመስመሮቹን ተራ አስተካክሎ በዲቪዲ ጻፈው። ተጽፎ እስኪያልቅ በርጩማ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። በቴሌቪዥኑ ሲያሳየን ሰውነቷ ቆሟል። ፊትና ኋላ ማለቱ ቀርቷል። የሹሩባዋ መስመርና የነጠላዋ ቀጭን ጥለት ግን አሁንም ብልጭ ድርግም ይላሉ።

«ቀጭን ነገር በቴሌቪዥኑ አንድ መስመር ላይ ብቻ ሲያርፍ እንዲህ ነው» አለ። «በአንዱ ተራ ይታያል፣ በሌላው ይጠፋል። ምስሉን ወደ ላይና ወደ ታች ትንሽ ማለስለስ እችላለሁ። ያኔ ይጠፋል። ግን ፊቷም አብሮ ይለሰልሳል።»

«ምን ያህል?»

አሳየኝ። ማንጠግቦሽ የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነበር። ስትሥቅ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ሲያለሰልሰው ፍንጭቱ ጠፋ። ፊቷ የእሷ ነው፤ ግን ከጭስ ውስጥ ያለች ትመስላለች።

«የትኛውን ላድርግልዎ?» አለኝ።

አደራጀውን አየሁት፤ እሱ መሬት መሬቱን ያያል። ጥርት ብላ ብልጭ ድርግም የምትል፣ ወይም ደብዘዝ ብላ የረጋች። እታለም የጠየቀችኝ እንዳትንቀጠቀጥ ነው።

«አለስልሰው» አልሁ።

ጌታነህ እየሠራ፣ ሰው ለማጫወት ብሎ፣ «ልጅቱ መቼ ነው የምትመጣው?» አለኝ። «እንዴት ያለች ቆንጆ ናት! ስትመጣ የእሷን ሠርግ እኔ ነኝ የምቀርጸው፤ ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ።»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አልሁት።

አደራጀው ባጃጅ ሊጠራ ወጣ። ቶሎ አልተመለሰም።

ጋፋት ስንደርስ ጀምበር እያዘቀዘቀች ነበር። ቴሌቪዥኑን መልሰን አስቀምጠን ሦስተኛውን ዲቪዲ ከፈትነው። እታለም በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። ማንጠግቦሽ ከሰው መካከል ወጣች። ትከሻዋ ቀስ ብሎ ከፍ አለ፤ ቀስ ብሎ ወረደ። ወደ እኛ ዞረች፤ ሣቀች። ምንም አልተንቀጠቀጠም።

እታለም ሦስት ጊዜ ድገሙልኝ አለች። በሦስተኛው ላይ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አንሥታ እኔን አየችኝ።

«ስንት ጊዜ ተመላለስሽ?»

«ሦስቴ።»

«ቴሌቪዥኑንም ይዘሽ ሄድሽ።»

«በሱ ካልሆነ ጥፋቱ አይታይም።»

«ጎሽ» አለች። «አሁን ደኅና ናት። ኪኒኑን ስጡኝ» አለች።

ዋጠች። አጥሚቱንም ጠጣች። እኔ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አጥሩን ተደግፌ ቆምሁ። ደስ አለኝ ማለት አልችልም፤ ግን ሸክም የወረደልኝ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እታለም ስለ ስልክ አልጠየቀችም። እሑድ ሲመጣ ስልኩን ከራስጌዋ አታስቀምጥም። ዲቪዲውንም ክፈቱልኝ አላለችም። ኪኒኗን በሰዓቱ ትውጣለች፣ የሰጧትን ትበላለች። እኔ ይህን ሁሉ ያየሁት እንደ መጽናናት ነው። ለቤተ ዘመዱም፣ «ያ ዲቪዲ አረጋጋት» እያልሁ ነገርሁ። ሰዉም «አንቺ ባትኖሪ!» አለኝ። አልዋሽም፣ ሲሉኝ ደስ ብሎኛል።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሐኪሙ ልቧ እንደተሻለው ነገረን። መርዶው እንዲነገር ተወሰነ። ሰው አዘዝን፤ ጎረቤቱም ዘመዱም ተሰብስቦ ሊነጋጋ ሲል በሯ ላይ ደረስን። እሷ ራሷ ናት የከፈተችው። የነፍስ አባቷ ከፊት ነበሩ።

«የሺመቤት ልጄ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን...» ብለው ጀመሩ።

«ይተዉት አባቴ» አለች። «ዛሬ ድምፄን አውጥቼ ላልቅስ።»

አለቀሰችም። እንዲህ ያለ ለቅሶ ከዚያች ከሳች ሴት ይወጣል ብዬ አላሰብሁም። ልቧ አልቆመም። ሁላችን የፈራነው ሳይሆን ቀረ።

ለነፍስ አባቷ የመለሰችላቸው ቃል ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ለቅሶኛው ቀለል ሲል አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«እታለም፣ ታውቂ ነበር?»

«ዐውቅ ነበር።»

«ማን ነገረሽ?»

«አንቺ ነሻ።»

እኔ ምንም አልነገርሁሽም አልኋት።

«አንቺ ልጅ፣ የራስሽን ልጅ የሠርግ ቪዲዮ ሄደሽ ለመቀበል ዓመት የፈጀብሽ ሴት ነሽ። ለደኅና ልጅ ቴሌቪዥን በባጃጅ ጭነሽ ትዞሪያለሽ? ደኅና ብትሆን ኖሮ፣ ‘የማሽን ነው ብዬሻለሁ፣ አርፈሽ ኪኒንሽን ዋጪ’ ብለሽ ትቆጪኝ ነበር። በሦስተኛው ስትመጪ ፊትሽን አየሁት። እሷ መንቀጥቀጧን ስትተው የአንቺ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አልሁ።

«ምን ብዬ? ያን ያህል ለፍተሽ የሸፈንሽውን እንዴት ልግለጠው? ደግሞ ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ፤ ነግረሽኝ አንድ ነገር ብሆን እኅቷን ገደለች ይሉሻል። ዝም ብዬ ኪኒኔን ዋጥሁ።»

«ስምንት ሳምንት ሙሉ አላለቀስሽም?»

«ማን አለሽ? አደራጀው አውድማ ሲሄድ ነው። ጎረቤት ሰምቶ እንዳይመጣ የጋቢዬን ጫፍ አፌ ውስጥ አደርጋለሁ። በሩ ላይ ኮቴ ስሰማ አወጣዋለሁ።»

ይህን ስትናገር አልተቆጣችብኝም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። ቀጥላ ለለቅሶኛው ውኃ የሚቀዳ ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ፤ እኔም አለ ብዬ ተነሣሁ።

እታለም ዛሬም በሕይወት አለች። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አላነሣንም። ሰው ግን እስከ ዛሬ ያደረግሁትን እያነሣ ያመሰግነኛል፤ «ኪኒኗን እንድትውጥ ያደረግሽ አንቺ ነሽ» ይለኛል። እውነት ነው፣ ውጣለች። ሐኪሙም አልዋሸም፤ ያን ሰሞን ብንነግራት ምን እንደምትሆን እኔ አላውቅም። እንዲህ ብዬ ራሴን ለማሳመን ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ።

ነገር ግን በእኛ አገር ሰው ልጁ ሲሞትበት ብቻውን አይተውም። የማያውቀው መንገደኛ እንኳ ጩኸት ከሰማ ዱላውን ጥሎ ይገባል፤ ደረቱን መትቶ፣ አልቅሶ፣ ውኃ አስጎንጭቶ ነው የሚሄደው። ይህን ሥርዓት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለስንቱ ባዕድ ለቅሶ ደርሻለሁ።

አሁን በዘመድ ቤት መርዶ ይቆይ ሲባል ስሰማ አብሬ አልመክርም፤ ተነሥቼ እወጣለሁ። ምክንያቴን ሲጠይቁኝም አልናገርም። የእናቴ ልጅ ስምንት ሳምንት ጋቢ ነክሳ ብቻዋን ስታለቅስ፣ እኔ ከተማ ተቀምጬ አረጋጋኋት እያልሁ አወራ ነበር።